ያልታጠበው ኩታ

የልጅ ልጄ ሰናይት ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትመጣ የያዘችው ሻንጣ መጻሕፍት የሞሉበት መስሎኝ ነበር። ስትከፍተው ሁለት ጃኬት፣ አንድ ቀሚስና አንድ ባለ ተረከዝ ጫማ ወጣ። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የሠራችውን ጥናት በሚመጣው ሳምንት መምህራኖቿ ፊት ቆማ ታቀርባለች። እኔን ያማከረችኝ ግን ስለ ጥናቱ አልነበረም።

«አባባ፣ የቱ ይሻላል?» እያለች በየተራ እየለበሰች ፊቴ ትመላለስ ጀመር። ግራጫው የራሷ ነው፤ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ጥቁሩን ከጓደኛዋ ተውሳዋለች፤ ትከሻው ሰፍቷታል።

«ጥናቱስ?» አልኋት።

«ጥናቱማ አልቋል። ልብሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

ሳቅሁባት። ግን ሳቄ ብዙም አልዘለቀም። እኔም በእሷ ዕድሜ ልክ እንደ እሷ በልብስ ተጨንቄ ነበር፤ በዚያ ጭንቀቴ የተነሣም አንዲት እናት በአደባባይ አስለቅሻለሁ። ታሪኩን ያን ዕለት ለሰናይት አጫወትኋት። ለእናንተም እነሆ።

ጣሊያን አገር በያዘበት ዘመን ከቡታጅራ ብዙ በማይርቅ ደብር የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። የመስቃን ገበሬ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ሀብቴ አንድ ደበሎ፣ አንድ አኩፋዳና አንድ ዱላ ነበር። ደበሎ ለማታውቁት፣ ከበግ ቆዳ የሚሠራ የተማሪ ልብስ ነው። ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ይተኙበታል፤ ቁንጫውም ከባለቤቱ እኩል ትምህርቱን ይከታተላል። አኩፋዳው በየደጁ ለምነን የምናገኘውን ቁራሽ የምንይዝበት ነው።

መምህራችን የኔታ ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጠላት ከገባ ወዲህ ጉባኤያችን ተበትኖ አራት ተማሪዎች ብቻ ቀርተን ነበር። የኔታም ሳል ጠንቶባቸው «ሳልሞት አንድ ሰው ላስመስክር» ይሉ ነበር። ማስመስከር ማለት የዛሬው የሰናይት ነገር ነው። ተማሪው እንግዳ መምህራን በተቀመጡበት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቆሞ ቅኔ ይቀኛል። መምህራኑ «በቅቷል» ካሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መምህር ይባላል። ካላሉ ወደ ልመናው ይመለሳል።

የኔታ እኔን መረጡ። ከሶዶ በኩል ሁለት መምህራን ለማርያም በዓል እንዲመጡ ሰው ላኩባቸው። ያን ጊዜ መንገድ መሄድ ራሱ ፍርሃት ነበር፤ ሁለተኛ ይመጣሉ ብሎ ማሰብ አይቻልም። ሰው ለመሰብሰብም ከጣሊያኖቹ ምሽግ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ፈቃዱ ተገኘ፤ ሆኖም የምሽጉ አስተርጓሚ ተገኝቶ የሚባለውን ሁሉ ሊሰማ ነው ተባለ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን አስተርጓሚው አልነበረም። ደበሎዬ ነበር። ከእኔ በፊት ያስመሰከረ አንድ ጓደኛችን የሀብታም ልጅ ነበርና ነጭ በነጭ ለብሶ ሲቆም መምህራኑ ገና አፉን ሳይከፍት ራሳቸውን ሲነቀንቁለት አይቻለሁ። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ለየኔታ ብነግራቸው «የሚመሰከርልህ ቅኔህ ነው ወይስ ሸማህ?» አሉኝ። ሐሳቤን ግን አልተውሁም።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው እንደ ልማዴ በወይዘሮ አስካለ ደጅ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» አልሁ። አስካለ ቁራሽ ሳትሰጥ መልሳኝ አታውቅም። ባሏ ተክሌ ከመስቃን ዘመዶቻችን ወገን ነው፤ ደህና የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ጣሊያን በገባ በዓመቱ ጠፋ። አስካለ ለጠየቃት ሁሉ «አዲስ አበባ ለንግድ ሄዷል» ትላለች።

«ምነው ዛሬ ድምፅህ ቀዘቀዘ?» አለችኝ።

ነገርኋት። ለልመና የመጣ ሰው ብሶቱንም አይደብቅም። ሰምታኝ ወደ ጓዳ ገባች። ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ። ስትመለስ በክንዷ ላይ ሱሪ፣ እጀ ጠባብና ቢጫ የሐር ጥለት ያለው ኩታ ነበር።

«የተክሌ ነው። በዓሉን ውለህበት መልስልኝ» አለች።

«ኧረ እትዬ፣ ይህን የመሰለ ልብስ እኔ...»

«ልበሰው። ተጣጥፎ ከሚበላሽ ይናፈስ። ብቻ የማን ነው ብለው ከጠየቁህ ከዘመድ ተዋስሁ በል።» ከዚያ ኩታውን ወደ ፊቷ ጠጋ አደረገችና እንደ ማፈር እያለች «አላጠብኩትም። ከሄደ ወዲህ አላጠብኩትም፤ ጠረኑ ይጠፋብኛል ብዬ ነው» አለችኝ።

«እትዬ፣ ተክሌ የት ነው ያለው?»

«አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንተ አጥተኸው ነው? ምሽጉ ብቻ ነው የማያውቀው» አለችና በሩን ዘጋች። ተክሌ ዱር መግባቱን እኔም በልቤ አውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ሞኝነታችንን እዩልኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የክት ልብሱ ለነፍሱ ተብሎ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ለድሃ ተማሪ ነው የሚደርሰው። የቅኔ ተማሪ የታወቀ ሰው ኩታ ለብሶ ከታየ፣ አገሬው ሁሉ የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አስካለም ታውቃለች። ግን ለሁለታችንም ትዝ አላለንም። እኔን ኩራት ጋርዶኝ ነበር፣ እሷን ደግሞ ደግነቷ።

የበዓሉ ዕለት ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ በቅጥሩ ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ሁለቱ መምህራን ምንጣፍ ላይ፣ የኔታ በመካከላቸው። አስተርጓሚው ብቻውን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። እኔ ደበሎዬን ጠቅልዬ ከዋርካው ሥር አስቀመጥሁትና በተክሌ ኩታ ተሸፍኜ ወደ መካከል ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ የዛሬ ልጆች በመኪና አያገኙትም። መምህራኑ አዩኝ፤ አንደኛው ራሱን ነቀነቀ። ይኸው፣ አልሁ በልቤ።

ለማርያም ያዘጋጀሁትን ቅኔ ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ልጄ!»

እማማ ብርቄ ነበሩ፤ የተክሌ እናት። ከመስቃን ገጠር ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ለበዓሉ መጥተዋል። የኩታውን ጥጥ በራሳቸው እጅ የፈተሉት፣ ቢጫውን ሐር ከቡታጅራ ገበያ መርጠው የገዙት እሳቸው ናቸው። ሕዝቡን እየገፉ ወጡና ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። ኩታውን አዩ፤ ፊቴን አዩ፤ እንደገና ኩታውን አዩ። ከዚያ ደረታቸውን እየደቁ ተቀመጡ።

«ልጄን! ሞት ልጄን በላብኝ! ምነው ሳታረዱኝ? ምነው አስካለ፣ ምነው ሰው ሁሉ?»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። በአንድ አፍታ በዓሉ ለቅሶ ሆነ። ሮጬ «እማማ፣ አልሞተም፤ ተውሼው ነው!» ልል አፌን ስከፍት አስተርጓሚው ከበርጩማው ተነሣ።

«ዝም በሉ» አለ። ጮሆ አልተናገረም፤ ግን ሁሉም ዝም አለ። ወደ አስካለ ዞረ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ባለቤቴ የክት ልብሱን ጭኖ ለንግድ አዲስ አበባ ወረደ ብለሽ ሦስት ጊዜ አልነገርሽኝም? ደህና ኩታውን ቤቱ ጥሎ አዲስ አበባ የሚሄድ ነጋዴ እኔ አላውቅም። እንዲህ ያለ ልብስ ጥሎ የሚሄደው ወዴት የሚሄድ ሰው ነው?»

አስካለ አፏን በእጇ ይዛለች።

አስተርጓሚው ወደ እኔ መጣ። ጠጋ ብሎ ጥለቱን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገው። «አንተ ተማሪ፣ ይህ ኩታ እንዴት እጅህ ገባ?»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። «ተዋስሁት» ብል ልብሱ ቤት መቅረቱ ይረጋገጣል፤ ተክሌ ዱር ነው ማለት ነው። ያን ዕለት ማታ አስካለ ምሽግ ትገባለች፤ ምሽግ የገባች የአርበኛ ሚስት ምን እንደሚደርስባት እናውቅ ነበር። ከዚህ የሚያድናት አንድ መልስ ብቻ ነበር የቀረኝ። እማማ ብርቄ ደግሞ ከእግሬ ሥር ተቀምጠው ዓይናቸውን አፌ ላይ ተክለዋል። እባክህ ሐሰት ነው በለኝ እንደሚሉ ከዓይናቸው ይነበባል።

«ለነፍሱ ብለው ሰጡኝ» አልሁ።

እማማ ብርቄ የጮኹትን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። እንግዳ መምህራን ሊመሰክሩልኝ በመጡበት ቀን፣ በማርያም ቅጥር ውስጥ፣ እኔ በሐሰት መሰከርሁ።

አስካለ ነገሩ በቅጽበት ገባት። ራሷን መሬት ላይ ጥላ «መርዶው ከልብሱ ጋር ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው! አዋሽ ማዶ ንዳድ ይዞት ነው የሞተው! ለአሮጊት እናቱ እንዴት ብዬ ላርዳ ብዬ ነው የደበቅኩት!» እያለች አለቀሰች። ስታለቅስ ደግሞ ከልቧ ነበር፤ ለባሏ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቆየችው ለቅሶ ሁሉ ያን ዕለት መውጫ አገኘ።

አስተርጓሚው ለጥቂት ጊዜ ሁለቱን ሴቶች ሲያይ ቆየ። ከዚያ «ነፍስ ይማር» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ግን አልሄደም።

እኔ ከዚያ ልብስ ውስጥ መውጣት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ኩታውን ከትከሻዬ አወረድሁ፣ አጣጠፍሁና ተንበርክኬ እማማ ብርቄ ጉልበት ላይ አኖርሁላቸው። እሳቸውም አቅፈው ፊታቸውን ቀበሩበት። ለጥቂት ጊዜ ድምፃቸው ጠፋ። ትንፋሽ አጠራቸው ብዬ ደነገጥሁ። ቀና ሲሉ ግን ከመጀመሪያው በበለጠ ድምፅ፣ የተክሌን ስም እየጠሩ፣ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ።

ከመምህራኑ አንዱ «ጉባኤው ይበተን፤ በለቅሶ መካከል አይመሰከርም» አለ። የኔታ ግን በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አይበተንም» አሉ። «ቅኔ ለደስታ ብቻ ከሆነ ሃያ ዓመት ያስተማርሁት ከንቱ ነው። ልጄ፣ ያዘጋጀኸውን ተወው። ለእኒህ እናት ተቀኝ።»

ደበሎዬን ከዋርካው ሥር አንሥቼ ለበስሁ። ብርድ አልነበረም፤ ግን በሰው ልብስ መቆም አልቻልሁም። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባል የለ። እንዴት እንደ ጀመርሁ አላውቅም። ከአፌ የወጣው ቅኔ ስለ ሟች አንድ ቃል አልነበረበትም፤ ውሸቱን በቅኔ ልደግመው አልደፈርሁም። ልጇን በዓይኗ ስለምትፈልግ እናት ብቻ ነበር። ድንግል ማርያም ልጇ ጠፍቶባት ሦስት ቀን ስትፈልገው የተሰማትን ለእኒህ እናት አስቢላቸው የሚል ነበር። ስጨርስ ያለቀስሁት እኔው ነኝ። ሁለቱ መምህራን ተያዩ። ራሱን ነቅንቆልኝ የነበረው ያ መምህር ደበሎዬን በእጁ ዳሰሰና «በቅቷል» አለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መምህር ተባልሁ። አንዲት ቀን እንኳ አልተደሰትሁበትም።

በማግስቱ ለየኔታ ሁሉንም ነገርኋቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳላቸው እስኪያልፍ ጠብቀው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በአደባባይ የተባለውን በአደባባይ ብትመልሰው ሰው ታስገድላለህ። እናቲቱ ግን ቤቷ ናት። ሂድ» አሉኝ። አስካለን ላማክራት ሄጄ ነበር፤ እጄን ይዛ ለመነችኝ። «አደራህን፣ እሳቸው ደስታ መደበቅ አይችሉም። ከሳቁ ሁላችንም አለቅን። እኔ ራሴ ጊዜው ሲደርስ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ለሁለት ቀን ያህልም እሺታዬን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ግን የመስቃንን መንገድ ያዝሁ።

እማማ ብርቄ ቤት ለቅሶ ደራሽ ሞልቶ ነበር። እሳቸው ኩታውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ እንደ ሐዘንተኛ ለብሰውታል። ዓይናቸው አብጧል። ሲያዩኝ ተነሡና «ይህ በልጄ ለቅሶ የተቀኘው ተማሪ ነው፤ ጸሎት ያድርግልኝ» ብለው ለሰዎቹ ነግረው ወደ ጓሮ ይዘውኝ ሄዱ። እንሰቱ መካከል ገባን። ቅጠሉ ከሁለት ሰው በላይ ቁመት አለው፤ ከቤት የሚያየን አልነበረም።

ጉልበታቸው ሥር ወደቅሁ። «እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ተክሌ አልሞተም። ኩታውን የተዋስሁት ለመድመቅ ብዬ ነው። ይማሩኝ።»

እሳቸውም ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን ያውቃሉ?»

«በእኛ ቤት የሟች ልብስ ሳይታጠብ ለሰው አይሰጥም። የአባቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የወንድሙንም እኔ ነኝ። አስካለም ይህን ወግ ከእኔ ነው የተማረችው።» አንገት ላይ የሚያርፈውን የኩታውን ጠርዝ ገልብጠው አሳዩኝ፤ የተክሌ የፀጉር ቅባት ቢጫ ሆኖ ታትሞበታል። «ጉልበቴ ላይ ስታኖረው ልጄ ሸተተኝ። እንዲህ የሚሸት ልብስ የቆመ ሰው ልብስ ነው።»

«ታዲያ ለምን አለቀሱ? ከዚያ በኋላ እኮ ነው የባሰብዎት።»

«አንተስ ለምን ዋሸህ?» አሉኝ። «ያ ባርኔጣ ያለው ሰውዬ ቆሞ ያየን ነበር። ልጄን በአንተ አፍ ከቀበርነው ወዲያ አይፈልገውም ብዬ አለቀስኩ። አርባውንም አወጣለሁ። ተዝካሩንም እደግሳለሁ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። አስካለ እኔ የማውቅ አይመስላትም። ስታየኝ ዓይኗን ትሰብራለች። እናቱን ገደልኩ እያለች ብቻዋን እየተቃጠለች ነው። ሂድና ንገራት። አብረን እናልቅስ በላት።»

ያን ዕለት ወደ ቡታጅራ ስመለስ መንገዱ አልታወቀኝም። አስካለ መልእክቱን ስትሰማ ነጠላዋን አንሥታ ወደ መስቃን አመራች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሰው ሲመጣ እያለቀሱ፣ ሰው ሲሄድ እየተያዩ አርባውን ቀን ጨረሱ። በተዝካሩ ላይ እኔም ተጠርቼ የሕያው ሰው ተዝካር በላሁ። አስተርጓሚውም መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ተክሌ የጠየቀ የለም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተክሌ ከዱር ተመለሰ። ከስቶ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ ግን በእግሩ ቆሞ። በተመለሰ በሳምንቱ እማማ ብርቄ አስጠሩኝ። ስደርስ ተክሌ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ የሞተበትን ታሪክ ሰምቶ አልጠገበም፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ተዝካሬ እንዴት ነበር? ጠላው ደህና ነበር?» ይላል። እማማ ብርቄ ኩታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ።

አንባቢዎቼ፣ ሰው ሲለብስ አይቶ ማድነቅ ክፉ አይደለም። እኔም ለሰናይት ጃኬቱን አውልቂው አላልኋትም። አንድ ነገር ግን ጠየቅኋት፤ «ጥቁሩ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ እንዴት እንዳለች ታውቂያለሽ?» አልኋት። ገረማት። ልብስ የሰው ነው ልጆቼ፤ ከኋላው ሰው አለ። እኔ ያን ቀን ዋርካው ሥር ስወጣ ራሴን ብቻ ነበር የማየው፤ የለበስሁት ኩታ እናት እንዳለው አላሰብሁም። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሳስመሰክር የልብሱን ንጣት አይቼ ራሴን ነቅንቄ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው። ሰዎች እርጅና ነው ይላሉ።

ሰናይት ግራጫውን መረጠች። ክርኑን እኔው ራሴ ሰፋሁላት፤ የተማሪ እጅ መርፌ አይጠፋበትም።

እማማ ብርቄስ፣ ያን ዕለት ተክሌ ፊት ይዘውት የወጡትን ኩታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እኔ «እማማ፣ ይህ የተክሌ ነው፤ ባለቤቱ መጥቷል» ብዬ ላወርደው ስል ተክሌ «እሱማ የሟች ልብስ ነው፤ ለተማሪ ነው የሚሰጠው» ብሎ ሳቀ።

እማማ ብርቄ ግን አልሳቁም። የኩታውን ጠርዝ ገልብጠው ያንን ቢጫ የቅባት ምልክት አሳዩኝ።

«ሳላጥበው ነው የምሰጥህ» አሉኝ።